ክራሬ የጎረነነበት የመካነ ሰላም ጉዞ

ይህን የምጽፈው ናዝሬት ላሉት የማኅበር ጓደኞቼ ነው። ከመካከላቸው አንዷም መካነ ሰላም እንደማትሄድ አውቃለሁ። ግማሾቹ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የቀሩት ደግሞ ከናዝሬት ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ብርድ ነው ብለው ያምናሉ። ስለ ብርዱ ልክ ናቸው።

የሄድኩት ታላቅ እህቴን ዘነብን ልጠይቅ ነው። ዘነብ መካነ ሰላም ላይ መሪጌታ አግብታ እዚያው ቀርታለች። ከእሷ ጋር በስልክ ስናወራ ሰላምታው አጭር ነው፤ የቀረው ስድብ ነው፤ ያውም በግጥም። እሷ አንድ ቤት ትሰድበኛለች፤ እኔም በአንድ ቤት እመልሳለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መስደብ አቆመች። የምላትን ሁሉ “ግሩም ነው፣ ግሩም ነው” ብላ ትቀበለኝ ጀመር። ዘነብ በዕድሜዋ እኔ የሠራሁትን ነገር ግሩም ብላ አታውቅም። ደንግጬ ልጇን ፋንታዬን ጠየቅኋት።

“ጆሮዋ እየሄደ ነው አክስቴ” አለችኝ። “ሳትሰማሽ ነው የምታመሰግንሽ። የምትነግሪያት ካለሽ ሳይዘጋ ነይ።”

የምነግራት ነበረኝ። ስልኩ ላይ መስደብ ካቆመችኝ ጀምሮ አንድ ዜማ እየሠራሁላት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቁሞ ክራር አስተምሮናል፤ የማውቀው ያኔ የተማርኩትን ያህል ነው። ግጥሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘነብን መስደብ ነው። ቅኝቱን አንቺሆዬ አደረግሁት፤ ድምፆቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ለሽሙጥ ይመቻል፤ ሰው ቅንድቡን አንስቶ የሚያወራ ይመስላል። ትዝታን አልፈለግሁም። ትዝታ ገና ሲጀመር ሰው ሁሉ ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ አልሄድም። ለሰርግ ኦርጋን የሚጫወተው ጎረቤቴ “እማማ፣ ምን አደከመዎት፤ እኔ ጋ ክራሩም በገናውም ዋሽንቱም በአንድ ቁልፍ አለ” ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሁሉም አለ። ሁሉም ግን የበር ደወል ይመስላል።

ማክሰኞ

እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ደሴ መናኸሪያ፣ መንገዱ ዛሬ ይኬድበታል አይኬድበትም በሚል ክርክር ረፋዱ አለቀ። ናዝሬት ቢሆን አንዱ ባጃጅ አስነስቶ ይገላግለን ነበር። በኋላ ሾፌሩ ለማንም ሳይናገር ሞተሩን አስነሳና ክርክሩ በዚያው ቆመ።

ረዳቱ ክራሬን በነጠላ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ሲያየው፣ “እማማ፣ ሕፃን ነው?” አለኝ።

“አይደለም።”

“እንግዲያው ከላይ ይጫናል።”

“ሕፃን ነው” አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ክራሬም በጭኔ ላይ ሄደ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ልዩነቱ የሚፈታበት ሰዓት ብቻ ነው። በመስኮት ቆሎ የሚያዞሩት ልጆች ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። የሚበላው ሾፌሩ ብቻ ነበር፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ሙዝ። ከጎኑ የተቀመጡ ሽማግሌ ታገሱ፣ ታገሱና፣ “ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?” አሉት።

“እኔ የመንገዱ ነኝ አባባ” አላቸው።

አቀስታ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን መኪናው ዘይት አፈሰሰ። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ወጣና “ለዛሬ በቃ” አለ። እንደ ናዝሬት ቢሆን ጸብ ይነሳ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም “ኸይር ነው” ብሎ ዕቃውን ተሸክሞ ወረደ። እኔም ኸይር ነው አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ያደርኩት ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ቤት ነው። አልጋ ያከራያሉ። አልጋቸው ደህና ነው፤ ብርዱ ግን ናዝሬት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ አላየሁትም። ፀሐይ ስትገባ ጾማቸውን ፈቱና የገብስ እንጀራ በምስር ወጥ ይዘው መጡ፤ አብረን እንድንበላ። ወደ ድስቱ ሳይ አይተውኝ፣ “አብሽሩ እትዬ! ይህ ድስት ሥጋ አያውቅም። ለናንተ ጾመኞች የለየሁት ነው” አሉኝ።

ምግቡን እንደጨረስን ነጠላውን ፈትቼ ክራሬን ነካ ነካ ሳደርገው ጉድ ሆንኩ። ጭጋጉ ቆዳውን አርግቦታል። ናዝሬት የቃኘሁት ክራር አቀስታ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

“ለዘፈን ነው?” አሉኝ ወይዘሮ ዘሃራ። “በሁለት ጾም መካከል?”

“ለዘፈን አይደለም። እህቴን ልሰድብበት ነው።”

“ወላሂ እንዲያ ከሆነ ከዘፈኑ ይብሳል!” ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢ ይዘው መጡ። ለእኔ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ክራሩን ጠቀለሉበት። “እርስዎ ብርድ ልብስ አለዎት፤ እሱ ቆዳው ራቁቱን ነው።” ክራሬን አልጋዬ ውስጥ አስገብቼ ተኛሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ አልጋዬን ያካፈልኩት ለእሱ ብቻ ነው፤ አያንኮራፋም።

ረቡዕ

ሾፌሩ መኪናውን እንዴት እንዳሠራው አላውቅም፤ ጠዋት ቆሞ አገኘነው። ከአቀስታ ወዲያ አገሩ ገብስ፣ ስንዴ፣ ገደል፣ እንደገና ገብስ ነው። ስለ ገደሉ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ዘነብ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጆሮ የከዳው ሰው ድምፁ ይጨምራል፤ ሰፈሩ በሙሉ መምጣቴን ሰማ። አቅፋ ሳመችኝና ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፤ ዘይቱ መፍሰሱን ነገርኳት።

“እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!” አለች።

ፋንታዬ አየችኝ። እኔም አየኋት። ፋንታዬ ጅዳ ብዙ ዘመን ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ከዚያ አገር ለመስማት የሚረዳ የጆሮ ማዳመጫ አምጥታላት ነበር። ማዳመጫው እንደ ፉጨት እየጮኸ ሲያስቸግራት ዘነብ ከጆሮዋ አውጥታ በፌስታል ቋጥራ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። “እኔ የከብት እረኛ ነኝ ወይ?” አለች አሉ።

ራታችን ስልጆና ሽሮ ነበር። የዘነብ ስልጆ አፍንጫ ይሰረስራል፤ እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰናፍጭ ደፍሮ የሚሠራ የለም። መሪጌታ ጥበቡ ግን ዓይናቸው ከሳህኑ ላይ ሳይሆን ከክራሬ ላይ ነበር።

“አልማዝ፣ ይህቺን ውጭ አሳድሪያት” አሉኝ።

“ብርድ ይመታታል መሪጌታ።”

“የሰይጣንን ዕቃ ብርድ አይመታውም።”

“የናዝሬት ሰይጣን ነው፤ አልለመደውም” አልኳቸው። ክራሬም ከውስጥ አደረ።

ሐሙስ

መሪጌታ ለቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ዘነብን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳትና ዜማዬን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩላት። ጣቶቼን እያየች ራሷን ወዘወዘች። እንዲህ የሚል ቤት አለው፦

*ጆሮሽን ብትዘጊው እኔ ዝም አልልሽም፤*
*የስልሳ ዓመት ንትርክ በዋዛ አያልቅም።*

ስጨርስ እጆቿን አጨበጨበች። “ግሩም ነው! እጅሽ ይባረክ!”

ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ተመሰገንኩ። ውጭ ወጥቼ ጥቂት ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው በገናቸውን አወረዱ። በሁዳዴ ሁልጊዜ ይደረድራሉ። ዘነብ ጀርባዋን ሰጥታቸው ገብስ ትለቅማለች። በገናው “ዝዝዝ” ማለት ከጀመረ ትንሽ እንደቆየ፣ ዞር ሳትል፣ “ያች ወፍራሟ አውታር ረግባለች” አለች።

መሪጌታ አውታሯን ጠበቅ አደረጉና ቀጠሉ፤ ነገሩ ለእሳቸው አዲስ አይደለም። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

“መሪጌታ፣ ሰማች እኮ!”

“በገና ላይ መቼ ዝም ብላኝ ታውቃለች” አሉኝ፤ እንደ ተራ ነገር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀጭኑ ድምፅ ነው የሄደባት፤ ወፍራሙና የሚነዝረው ገና አለ። የእኔ ክራር ደግሞ የናይለን ክር ለብሶ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። ድምፄም ከዚያ አይሻልም። የልፋቴን ሁሉ ዜማ የሠራሁት ልክ እሷ በማትሰማው በኩል ነው።

“በገናውን ያውሱኝ” አልኳቸው።

“ለምን?”

“ለዘነብ ዜማ።”

“ግጥሙ ምን ይላል?”

ነገርኳቸው። መሪጌታ በገናውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት። “ይህ ለእግዚአብሔር ነው። ዘነብን በእግዚአብሔር ዕቃ አላሰድብም፤ ብዙ ጊዜ ቢያምረኝም።”

ፋንታዬ በበኩሏ ማሲንቆ ይሞከር አለች። ሠፈር ውስጥ አያሌው የሚባል አዝማሪ አለ፤ በሁዳዴ ሥራ ስለሌለው አጥር ለአጥር ይዞራል። መሪጌታ አዝማሪ በጾም ቤቴ አይገባም አሉ። ፋንታዬ፣ “አባዬ፣ ለጆሮ ምርመራ እኮ ነው” ስትላቸው ግን አሰቡበትና፣ “ለሕክምና ከሆነ ይግባ፤ ቃል እንዳያወጣ ብቻ” አሉ።

አያሌው ቃል ሳያወጣ ማሲንቆውን ገዘገዘ። ማሲንቆ ድምፁ የሰው ድምፅ ነው፤ ዘነብ ደግሞ የጠፋባት እሱ ነው። ሲጨርስ፣ “እንዳንተ ያለ የለም፤ ዕድሜ ይስጥህ!” አለችው። አያሌው ደረቱን ነፍቶ ወጣ። እኛ ግን አዘንን።

ዓርብ

ጠዋት መሪጌታን ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። “በገናውስ ይቅር። ትርፍ አውታር የለዎትም?”

ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆዩ። ጉዳዩን እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ ከዚህም ከዚያም አገላበጡት። በመጨረሻ፣ “አውታር በገና ላይ እስኪወጣ ድረስ የበግ አንጀት ነው” አሉና ከቆጥ ላይ ጥቅልሉን አወረዱልኝ። በዚያው ቁራጭ ቆዳ ጨመሩልኝ። በገና ላይ ያች ቁራጭ እንዚራ ትባላለች፤ ከአውታሩ ሥር እየገባች ነው ያንን ንዝረት የምታወጣው። “ይህም እስኪገባ ድረስ የፍየል ቆዳ ነው” አሉ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው።

እኔና ፋንታዬ የናይለኑን ክር ፈትተን አንጀቱን ወጠርንበት። አንዱ ተበጠሰ፤ አንዱ የፋንታዬን አገጭ ገረፈ። “ኻላስ፣ በቃኝ፤ እኔ ጅዳ ልመለስ” አለች። ስንጨርስ ክራሩን ነካሁት፤ “ግርርር” አለ። ድመቷ ወጣች።

አንቺሆዬ ቃኘሁት። አልሆነም። በቀጭን ክር ላይ የሚያሾፉት ተጠጋግተው የቆሙ ድምፆች፣ ወፍራም ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ የንብ ቀፎ ነው። ዘነብ እጇን ቀምበሩ ላይ፣ አውታሮቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና፣ “ደስ ይላል” አለች።

“ደስ ይላል አለች” አልኩ።

“አይ፣ አልሰማችም ማለት ነው” አለች ፋንታዬ።

ባቲን ሞከርኩ፤ እሱም ውስጡ የሚጠጋጉ ድምፆች አሉት፤ እዚያው ላይ ይደፈርሳል። አምባሰልን ሞከርኩ፤ ያው። አራቱን ቅኝቶች በጣቴ ስቆጥር ድምፆቹ ሁሉ ተራርቀው የሚቆሙበት አንድ ብቻ ቀረኝ። ትዝታ ነው።

ትዝታ ቃኘሁት። እያንዳንዷ አውታር ለብቻዋ ቆማ ተሰማች። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

“በትዝታ ልትሰድቢያት ነው?” አሉኝ።

“ሌላ አልቀረኝም።”

“ገና ስትጀምሪ ሰው ሁሉ ያለቅሳል።”

“እንግዲያው ፈጠን አድርጌ እለዋለሁ፤ ለማልቀስ ጊዜ አያገኙም።”

ግን ቅኝት ሲቀየር ዜማው አብሮ አይሄድም። አንቺሆዬ ላይ የነበረው መንገድ ትዝታ ላይ የለም፤ ደረጃው የተነሣበት ቤት ማለት ነው። ስሠራበት የቆየሁትን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ያማረልኝ ሁሉ ወደቀ፤ የተቅለሰለሰው፣ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተተው። የቀረኝ አጭርና ግትር ነገር ነው፤ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፤ ወደ ቤቱ፣ ወደ ተነሣበት ድምፅ ይመለሳል። ጾሙ ሲፈታ ቀኑ መሽቶ ነበር፤ የጣቴ ቆዳ ተልጧል። ናዝሬት ሆኜ ጣቴን የምልጠው ድንች ስልጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል። ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም ተቀመጥን። ዘነብ ከጎኔ ሆና አገጯን ከክራሩ ቀምበር ላይ አሳረፈች፤ ንዝረቱ በአጥንቷ እንዲደርሳት ፋንታዬ ያስተማረቻት ነው። ግን አንድ ነገር ረስተን ኖሯል። ዜማው ይድረሳት፤ ግጥሙስ? በእኔ ድምፅ ቢባል አይሰማትም። የፋንታዬ ከእኔም ይቀጥናል። ሁለታችንም ወደ መሪጌታ ዞርን። የመሪጌታ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚንከባለል ድንጋይ ነው።

“አይሆንም” አሉ፣ ማንም ሳይናገር። “በሁዳዴ አልዘፍንም።”

“አይዝፈኑ። ያንብቡት።”

“ማንበብ?”

“ማንበብ ዘፈን ነው እንዴ?”

ጢማቸውን እንደገና ዳሰሱ። “ማንበብ ዘፈን አይደለም” አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እየፈረዱ።

እንዲህም ሆኖ ተጀመረ። እኔ ክራሩን አንጎራጎርኩት፤ መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ ከዘነብ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በቄስ ትምህርት ቤት ለልጆች በሚያስነብቡበት በዚያ በረጅሙ፣ ድምፅ እየጎተቱ በሚያነቡት ውርድ ንባብ፣ የሚስታቸውን ስስት፣ የሚስታቸውን ግትርነት፣ በልጅነቷ የእኔን ቀሚስ ለብሳ ንግሥ መሄዷን አንድ በአንድ አነበቡ። ፋንታዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። ዘነብ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዓይኗን ጨፍናለች።

የመጨረሻው ቤት ላይ ደረስኩ። ቆምኩ።

ዘነብ አገጯን አላነሣችም። “ግሩም” እንዳትል ፈራሁ።

“ሁለተኛው ቤት ሲያልቅ” አለች፣ “ዜማው ቤቱ አልገባም። ደጅ ትተሽው መጣሽ።”

እውነት ነው። ዜማው የሚያርፍባት መውረጃዋ አውታር የተላጠውን ጣቴን ስለምታመኝ ዘልያት ነበር፤ ከእሷ አጠገብ ያለችውን ነክቼ አልፌአለሁ። ፋንታዬም መሪጌታም አላወቁብኝም።

“ጣቴን አሞኝ ነው” አልኳት፣ በመሪጌታ አፍ።

ዘነብ ዓይኗን ከፈተች። ከክረምት ወዲህ ያልሰማሁትን ነገር ሰማሁ፤ ለስድብ ጉሮሮዋን ስትጠርግ።

*ክራርሽስ ደረሰኝ፣ ግጥምሽ ነው የከፋ፤*
*በይ ደግመሽ በይልኝ ስህተቱ እስኪጠፋ።*

ደገምኩት። መውረጃዋን አውታር እንደገና ሳትኩ፤ እንደገና አስቆመችኝ። ሰነፍ አለችኝ። እናታችን ክራር ከምታስተምርሽ ድንጋይ ብታስተምር ይሻላት ነበር አለችኝ፤ እናታችን ክራር አስተምራኝ አታውቅም። መሪጌታ ድምፃቸው ሲደክም ውኃ እየጠጡ አነበቡ። ጣቴ ላይ ፋንታዬ ጨርቅ ጠመጠመችልኝ። ጨርቁ ድምፁን ያፍነዋል ብላ ዘነብ አስፈታችው።

ሰኞ

እሑድን እንዲሁ ዋልን። ሰኞ ጠዋት ሦስቱም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ክራሩን ትቼላቸዋለሁ፤ እንዳለ ለዘነብ ጆሮ የተሠራ ነው፤ ናዝሬት ይዤው ብሄድ ጎረቤቱ ወፍጮ ተከለች ይለኛል። ፋንታዬ ትለማመድበታለች። መሪጌታ ከፋሲካ በኋላ ይዘፈናል ብለው ቃል ገብተዋል፤ እስከዚያ ድረስ ይነበባል።

ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። መኪናው ሞቅ እስኪል ድረስ ዘነብ ከውጭ ቆማ ከራሴ ላይ አልወረደችም። መውረጃዋን አውታር አሁንም አታውቂያትም አለች። ሦስተኛው ቤት የተሰረቀ ይመስላል አለች። ስትቀመጪ ትጎብጫለሽ፣ ስትጫወቺ ምላስሽ ይወጣል፣ ስልጆውን ለጨዋነት ስትይ ነው የበላሽው፣ ፊትሽን አይቼዋለሁ አለች። ድምፅዋ እንደነገርኳችሁ ነው። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። አንድ የጤፍ ነጋዴ በስልጆው ነገር ተስማማ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ አብራ መራመድ ጀመረች፤ ገና አልጨረሰችም ነበር።

“እማማ፣ ብርድ ነው፤ መስኮቱን ልዝጋልዎት?” አለኝ ረዳቱ።

“ተወው” አልኩት።